ረሳሁ ያልኋት ጠዋት

አያልዬ፣ የልጄ አባት፤

ከተለየኸኝ ወዲህ ሰሊጥ ሁለቴ ታጨደ። ቤታችን እንደተውኸው ነው ብል ዋሸሁ፤ የጓሮው በር ተነቅሏል፣ ትራክተር ትጠግንበት በነበረው ዳስ ውስጥ የጎረቤት ፍየል ይተኛል። እኔም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ይኸው ጻፍሁልህ። ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር፤ ኧረ ምን አስቀባጠረኝ!

ሰሞኑን መተማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከነመምህራቸው መጡብን። ሰው ያየውን የሰማውን እንዴት እንደሚያስታውስ በቡድን እናጠናለን አሉ። በዚህ ዘመን? ከካድሬው ጋር ሻይ ሲጠጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ግመሉ ስለጠፋችበት ነጋዴ አንዲት ተረት አነበቡልን፤ በሳምንቱ ተመልሰን እንጠይቃችኋለን አሉ። አንድን ነገር ደጋግሞ የሚጠይቅ መርማሪ ነው እንጂ ሌላ ማን አለ? ቃሉ የተለዋወጠበት ሰው አለቀለት። እትዬ ጥሩ ቤት ተሰብስበን መከርንና ግመሏ ነጭ ናት፣ የጠፋችውም ረፋድ ላይ ነው ብለን ቃላችንን አንድ አደረግን። በሳምንቱ ሲመለሱ ሁላችንም አንዲት ቃል ሳንስት ስናወርድለት መምህሩ ተማሪዎቹ ላይ አፈጠጠ፤ እናንተ ናችሁ ያስጠናችኋቸው ብሎ። ለካስ በተረቱ ውስጥ የግመሏ ቀለም ጭራሽ አልተነገረም!

ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ። ከተማሪዎቹ አንዷ ቤቴ ድረስ መጣች። አንደበቷ ለስላሳ ነው፤ እኔ ደግሞ የምፈራው ለስላሳውን ነው። ባለቤትዎ ያረፉበትን ቀን ይንገሩኝ አለች። ማን ነበረ፣ ምን ለብሶ ነበር?

ያን ቀን ልጃችን ሙሉ አጠገብህ እንደነበረ ከእኛ በቀር ማን ያውቃል? ከውትድርና ምልመላ ሸሽቶ ሱዳን የተሻገረው ልጅ፣ አባቴን ሳልሰናበት አልቀርም ብሎ፣ ጀለቢያ ለብሶ ጥምጥም ጠምጥሞ የሱዳን ነጋዴ መስሎ ነበር የገባው። ቀበሌው እስከ ዛሬ ይፈልገዋል።

ረሳሁ አልኋት። በማግስቱ ተመልሳ ያንኑ ጠየቀችኝ፤ አሁንም ረሳሁ አልሁ። ዓይናቸውንስ ማን ከደነላቸው ስትለኝ እንባዬ ሊያጋልጠኝ ሆነ፤ ጭሱ ነው ብዬ አመካኘሁ። የእውነት ተማሪ ከሆነች ይቅር ትበለኝ። ካልሆነችም ባዶ እጇን ሄደች። የባሏን ሞት የረሳች ሴት ስባል ግን አንጀቴ ተቃጠለ።

አልረሳሁም፣ ጌታዬ። ጠዋት ነበር፤ ያካፋል። ጀለቢያው ረጥቦ ከገላው ተጣብቋል፣ እጁ እንዳንተ እጅ የሞተር ዘይት ይሸታል። ዓይንህን የከደነው ሙሉ ነው።

ይህን ወረቀት መቃብርህ ላይ አንብቤልህ አቃጥለዋለሁ። ልጃችን በጠራራ ፀሐይ በፊት ለፊት በር እስኪገባ ድረስ፣ ማንም ደጋግሞ ቢጠይቀኝ ረሳሁ እላለሁ። ላንተ ግን ሳትጠይቀኝም እነግርሃለሁ።

ሚስትህ ዘነቡ