ከአንተ ጋር የሄደው የሲኒማችን አቡጀዲ

የኔ ኸይሩ፣

የአላህ ሰላም ባለህበት ያግኝህ። ከተለየኸን ወዲህ ሁለት ሮመዳን ጾምን። የጨርቅ ሱቅህን ወንድምህ ይዞታል። እናትህ ደህና ናቸው፤ ዛሬም አንድ ሰው ሳይቆጡ አይውሉም። ልጃችን ሰሚራ አስተማሪ ሆና እዚሁ አሰበ ተፈሪ ተመድባለች። የምጽፍልህ ግን ስለ ሳሎናችን ነው። አንተ ካለፍክ ጀምሮ ፕሮጀክተሩን የነካው የለም። ሰሚራ እንደ ድሮው ፊልም እናሳይ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ እዚያ ግድግዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰቅሎ ማየት አቃተኝ።

ምክንያቱን አታውቀውምና ልንገርህ። ያረፍክ ዕለት በከተማው አቡጀዲ ጠፋ። የመንግሥት የጨርቅ ኮታ አልደረሰም ነበር፤ የጨርቅ ነጋዴው የኸይሩ ሱቅ እንኳ አንድ ክንድ አልተገኘበትም። ቀብር ደግሞ አይቆይም። ሼኩ የከፈኑ ጨርቅ ንጹሕ ይሁን እንጂ የተሠራበትም ቢሆን ይበቃል አሉ። ተነስቼ የሲኒማህን አቡጀዲ አወረድኩት፣ የመሃሉን ስፌት በእጄ ተረተርኩት። ከፈንህ እሱ ሆነ።

ማሽኑን ልንገዛ ድሬዳዋ የወረድን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሻጩ ሁለት አወጣልን፤ ትንሿ የቤት፣ ትልቁ የአዳራሽ። አንተ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለህ በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን አስከፍተህ አስበራኻቸው። ትንሿ ምንም አላሳየችም። ትልቁ የሰው ጥላ የመሰለ ነገር አሳየ፤ በዚህ ተመረጠ። በቀን ፊልም የምናይ ይመስል! ቤት ስናደርሰው የአዳራሽ ማሽን ነውና ርቀት ፈለገ፤ በእኛ ሳሎን ምስሉ ከሻይ ትሪ አልበለጠም። ተሳሳትኩ ማለት መቼ ታውቅና! የመኝታ ቤታችንን ግድግዳ ሸንቁረህ ማሽኑን ልብሴ ባለበት ሳጥን ላይ አቆምከው። ስንት ወር ነጠላዬ ዘይት ዘይት ሸተተ።

ማሳያውንም ተከራክረንበታል። እኔ ግድግዳውን ኖራ እንቀባው አልኩ። አንተ ሳሎኗ ሥራዋ ብዙ ነው አልክ። እውነትህን ነበር፤ ጧት የሱቁ ጣቃ ይከመርባታል፣ ከሰዓት ልጆች ቁርአን ይቀሩባታል፣ በገበያ ቀን ከቦኬ የሚመጡ እንግዶችህ ጫት ይቅሙባታል፣ ያድሩባታልም። ግድግዳ ይቆሽሻል፣ ጨርቅ ግን ይጠቀለላል፣ ይታጠባል ብለህ ከራስህ ጣቃ ቆርጠህ ገጣጠምክ። ስፌቱ መሃል ለመሃል ዋለ። ስንቷ የህንድ ቆንጆ ፊቷ ለሁለት ተከፈለ! እናትህ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ለውዱእ ሲነሱ በብርሃኑ መሃል ያልፉና የራሳቸውን ጥላ አይተው «ያ ረቢ! ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላሉ። አንተ እንባህ እስኪፈስ ትስቃለህ። ያ ሳቅህ ነው የሚናፍቀኝ።

ሰሚራ ትምህርት ቤቷ እንዳለው ያለ በእግሩ የሚቆም፣ የሚጠቀለል ስክሪን እናስመጣ አለችኝ። እምቢ አልኩ። አዲስ አቡጀዲ ይዛ መጣች፤ እሱንም ወደ ሱቁ መለስኩት። ያን ጊዜ አለቀሰች። «እማ፣ አባቴን አፈር ወሰደው፤ ሳቁን ግን አንቺ ነሽ የቆለፍሽበት» አለችኝ። አልተቆጣኋትም። ምን ብዬ እቆጣለሁ?

በማግስቱ ኖራ በጥብጬ ግድግዳውን ራሴ ቀባሁት። አትከፋብኝ። ይቆሽሽ፣ እንደገና እቀባዋለሁ። ግድግዳን ማንም አውርዶ ከፈን አያደርገውም።

ባለፈው ጁምዓ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ የቦኬዎቹም መጡ። ማሽኑን ያስነሳችው ሰሚራ ናት። ፊልሙን ገልብጣ አስገብታው ኖሮ ሰዎቹ በጭንቅላታቸው ቆመው ወደ ኋላ መሮጥ ጀመሩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅኩ። ከአንተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። የከዳሁህ መስሎኝ ደንግጬ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሳቁ ግን እምቢ አለኝ፤ እንባዬም አብሮት መጣ።

ኸይሩ፣ ከእንግዲህ በዚያች ሳሎን ስስቅ ብትሰማ ረሳችኝ እንዳትል። አንተ የምትስቀውንም ጨምሬ ነው የምስቀው።

ያንተዋ ዘይነባ