የቀይዋ መኪና ገመድ

ነገሌ ቦረና፣ ነሐሴ 18 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለሐረገወይን አባት፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? የአዲስ አበባ ክረምት እንዴት ይዞሃል? እዚህ ላይ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እኔ ግን ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅህም ደህና ናት። የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣራ ላይ ወርውራዋለች፤ ስትስቅ ብታያት ጉድ ትላለህ። ደላላው ጋልጋሎ «አካም፣ ናጋ?» ብሎሃል። ጎረቤታችን ጠይባም ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች። እንግዲህ ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ።

መኪናዋን ሸጥኳት።

አዎ፣ ቀይዋን። ሌላ መኪና አለህ እንዴ? አሁን ይህን ስታነብ ብድግ እንደምትል አውቃለሁ። ቁጭ በል። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ይህን ደብዳቤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ለጸሐፊ ብነግረው ቃሌን ያለሳልስብኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ እንዲለሳለስልህ አልፈልግም።

በሐምሌ ወር ሾፌሩ ጣዲቻ ያመጣልኝን ደብዳቤህን ታስታውሳለህ? «አንድ ሰው እልካለሁ፤ መኪናዋን ይዞልኝ ይመጣል፤ እዚህ የሚያደንቃት ብዙ ነው» ብለህ የጻፍከውን? ደጋግሜ አነበብኩት። ገልብጬ ጀርባውን ሳይቀር አየሁ። «እናንተም ኑ» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ጎማዋን መሬቱ እንዳይበላው ጆንያ ይነጠፍላት ይላል፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ይቀባ ይላል፣ ሰውየው ሲመጣ ቁልፉ ይሰጠው ይላል። እኔና ልጅህስ? እኛን ደግሞ ማን ይምጣና ይውሰደን? ወይ ጉድ! አንጀቴ እርር ነው ያለው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ይኼ ደግሞ የመጀመሪያህ ቢሆን ምን ነበረበት። ሐረገወይን ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ፣ እኔ ክሊኒክ በር ላይ ተቀምጬ አልቅሼ የጻፍኩልህን ታስታውሳለህ? መልስህ መጣ። «እግዚአብሔር ይማራት። ለመሆኑ መኪናዋን ፀሐይ አይነካትም?» አልከኝ። እውነቴን ነው፣ ደብዳቤህ እዚህ አለ። ሌላ ሴት ይዞ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በማርያም፣ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሴትን ሄጄ ፀጉሯን እነጫለሁ፤ መኪናን ምን አደርጋታለሁ?

ስለ መኪናዋ አታውቂም እንዳትለኝ ብቻ። ጣሊያን ሲሸሽ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ የጣላት፣ ፍየል የሚወልድባት ቆርቆሮ ነበረች። ከመንግሥት ጋራዥ ስትወጣ በቀጥታ ወደ እሷ ነበር የምትሄደው። ሰው ሁሉ ሲስቅብህ «ተዉት፣ እጁ ያውቃል» ያልኩት እኔ ነኝ። ጋልጋሎ የበሬ ቆዳ አምጥቶ፣ መቀመጫዋን በወስፌ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቀይ ቀለሟን ስትቀባ ዝንብ እንዳያርፍባት ቆሜ ያራገብኩትም እኔ ነኝ። ሞተሯ የተነሳ ቀን አለቀስክ። ሐረገወይን ስትወለድ አላለቀስክም፤ እኔ ያን ቀን አይቼሃለሁ፣ ዝም ብዬህ ነው።

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ለእሷ በአዲስ ቆርቆሮ ቤት ሠራህላት። እኛ የምንተኛበት ጣራ በአልጋዬ ራስጌ ያፈሳል፤ እሷ ደረቅ ውላ ደረቅ ታድራለች። ደግሞ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት መኪና! ያኔ ሦስት ነበርን። ሐረገወይን ጭኔ ላይ ሆና፣ ጉልበቴ ደንዝዞ፣ እስከ ገበያው ሄደን ስንመለስ ሕዝቡ ያጨበጭብልህ ነበር። ለእኔ ያጨበጨበልኝ የለም።

ከጥምቀት ማግስት «ለካርቡራተሯ አንድ ዕቃ ገዝቼ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ» ብለህ ሄድክ። ድንቄም ሁለት ሳምንት! ባትሪዋ ሞቷልና በየእሁዱ በማስነሻው ብረት፣ በማኖቬላው፣ አስነስታችሁ ሞተሯን አሙቁ ብለህ አዘዝክ። ሞሉ ከጋራዥ እየመጣ ያሞቃታል ብዬ ጽፌልህ ነበር። ውሸት ነው። ሞሉን ማኖቬላው ተመልሶ አውራ ጣቱን ሲመታው «ከዚች ሰይጣን ጋር አልገናኝም» ብሎ ሄደ። ያሞቅኳት እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዬን አጥር ላይ እሰቅልና፣ አንተ እንደምታደርገው አውራ ጣቴን ሳልጠቀልል፣ ብረቱን ከፊቷ አስገብቼ አዞራለሁ። አንዳንዴ በመጀመሪያው ትነሳለች። ስትነሳ ደግሞ ያ ድምፅዋ ግቢውን ይሞላውና አንተ ያለህ ይመስለኛል። እያሰብኩ እቆማለሁ። ሐረገወይንም ከቤት «አባባ መጣ?» እያለች ትወጣለች። ይኼ ነው እንግዲህ የእሁዳችን ነገር።

ከፋሲካ በኋላ ግን ማጎንበስ አቃተኝ። ጠይባ አይታኝ ጮኸችብኝ፤ «ከእንግዲህ ብረት ማዞር ለአንቺ አይሆንም፣ ነገር ልታመጪ ነው» አለችና ማኖቬላውን ከእጄ ነጠቀችኝ። በዚያ ሰሞን በጻፍክልኝ ደብዳቤ አንድ ጊዜ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብትለኝ ኖሮ እነግርህ ነበር። አላልክም። እኔም አልነገርኩህም። እልኸኛ ነሽ ትለኝ የለ? ነኝ።

አሁን ሽያጩን ልንገርህ።

የፊልቱውን የከብት ነጋዴ አብዱልሃሚድን ታውቀዋለህ። አምና ግቢ ድረስ መጥቶ ሽጥልኝ ሲልህ «ልጄን ሽጥ ትለኛለህ?» ብለህ ተቆጥተህ አባረርከው። ልጅህ እኮ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር! ደብዳቤህ በመጣ በሳምንቱ በጋልጋሎ በኩል ላክሁበት። ቅዳሜ ከገበያ ሰዎቹን አስከትሎ መጣ። ጋልጋሎ ዕድሜውን ሁሉ በሬና ግመል ሲያሻሽጥ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ በከብቱ ወግ ነው የምንገበያየው አለ። እጅ ለእጅ በኩታ ሥር በጣት ነው ዋጋ የሚባለው፤ እኔ እጄን ከባዕድ ወንድ ኩታ ሥር አላስገባም፣ ጋልጋሎ ስለ እኔ ጨበጠ። ዋጋውን አልነግርህም። ብትሞት አልነግርህም።

አብዱልሃሚድ ጨዋ ሰው ነው። ገና ሲያየኝ ሰዎቹን ተቆጣ፤ «ወንበር አምጡ፣ እህቴን ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ምን ታያላችሁ?» አለ። ከዚያ በኋላ በዋጋው አልተከራከረም። አንተ የእናቴ ልጅ ያልሆነ ሰው ያየውን አላየህም እንግዲህ፤ ከአዲስ አበባ አይታይም።

መኪናዋን ግመል በሚጫንበት ጉብታ አስጠግተው በገመድ ጎትተው በጭነት መኪናው ላይ አወጧት። ከፊት ለፊቷ ፍየሎች ነበሩ። አንዷ ፍየል መቀመጫው ላይ ወጣች። እኔ የሰፋሁት ላይ! አሳቀኝም አናደደኝም። ፍየል ተወልዶባት ነበር የተገኘችው፣ ከፍየል ጋር ሄደች።

ሊነሱ ሲሉ ጋልጋሎ እጁን አነሳ። «ቆዩ፣ ገመዱ» አለ። የዚህ አገር ሰው ከብት ሲሸጥ ገመዱን አይሰጥም፤ ገዢ በራሱ ገመድ ይወስዳል፣ የሻጩ ገመድ ግን የቤቱ በረከት ተከትሎ እንዳይወጣ ከቤት ይቀራል። «መኪና ምን ገመድ አላት?» አለ አንዱ። ጋልጋሎ ዞር ዞር አለና ማኖቬላውን አየ። «የሚቀሰቅሳት ይኼ አይደለም? ገመዷ ይኼ ነው» አለና አንስቶ ሰጠኝ።

ኧረ ያለሱ አትነሳም አልኳቸው። ሁለቴ አልኳቸው፣ ጋልጋሎ ምስክሬ ነው። አብዱልሃሚድ ሳቀ። «ፊልቱ ብረት ሞልቷል፤ የሚገፋም ወንድ አለ። አንቺ ገመድሽን ያዢ፤ ዛሬ በረከት ከሌላው ሁሉ በላይ ለአንቺ ቤት ያስፈልጋል» አለኝ። መርቆኝ ሄደ።

ትናንት ጣዲቻ ከፊልቱ ተመለሰ። መኪናዋ ከወረደችበት አልተንቀሳቀሰችም። በአሸዋው ላይ ገፍተው ገፍተው ደከማቸው። ያላቸውን ብረት ሁሉ ሞከሩ፣ አንዱም አልገጠመም። ከየት ይግጠም? አንተ ራስህ ከጭነት መኪና ብረት ቀጥቅጠህ፣ በሞረድ እየሞረድክ፣ ለእሷ ብቻ የሠራኸው ነው። ሕፃናት ዙሪያዋን ይጫወታሉ አለኝ። አብዱልሃሚድ ግን ማኖቬላውን መልሺ ብሎ አልላከብኝም። የሻጭን ገመድ መጠየቅ ነውር ነው፣ ከቤት በረከት እንደመንጠቅ ነው። እንዲህ ብቻ አለ አሉ፦ «ባለቤቷ ይምጣና ገመዱን ይዞ ራሱ ይቀስቅሳት። እኔ ጋ ለመካኒክ ሥራ ሞልቷል። እስከዚያ ጨርቅ አልብሻታለሁ።»

ሰምተሃል? ሥራም አለ። ፊልቱ ለመድረስ በነገሌ ማለፍ ግድ ነው። ይህን አስበሽበት ነው ወይ ትለኝ ይሆናል። መኪናዋ ወደ አዲስ አበባ ከሄደች አንተ ዳግመኛ እንደማትመጣ አውቅ ነበር። ይህን ብቻ ነው የማውቀው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ነው ያጣሁት፣ መኪናዋን አይደለም።

የሌላውን ንብረት ሸጥሽ ብለህ ክሰሰኝ። እመጣለሁ። ዳኛው ፊት የምቆመው ግን አሁን እንዳለሁት ሆኜ ነው፤ ዳኛው አይቶኝ ይፍረድ። ገንዘቡ ጠይባ ዘንድ ነው፣ ለጥቅምት ያስፈልገኛል። ቆርቆሮውንም ሞሉን ለምኜ ከመኪናዋ ቤት አስነቅዬ በእኛ ጣራ ላይ አስመትቻለሁ። አልጋዬ ደርቋል። የምትልከው ሰው ከመጣ ምሳ አበላዋለሁ፤ የሚወስደው ግን የለም።

እኔ አሁንም ተናድጃለሁ። ብትመጣም ለጊዜው አላናግርህም፣ ከአሁኑ እወቀው። ነገር ግን መስከረም ሲያልቅ እዚህ ዝናብ ይጀምራል፤ ከክብረ መንግሥት ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ ይቆረጣል። ጠይባ «ከጥቅምት እኩሌታ አታልፊም» ብላኛለች፤ ስንቱን ሴት ያዋለደች ስለሆነች አትሳሳትም። ከዚያ በፊት ና።

ማኖቬላውን ዘይት ቀብቼ በአሮጌ ጆንያ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬልሃለሁ። ለስላሳውን ነጠላ ለብረት አላወጣሁትም። እሱን አጥቤ፣ አጥፌ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።

የነገሌው ሚካኤል በመንገድህ ይጠብቅህ። ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ልብህን ወደ ቤትህ ይመልስልህ። አሜን።

የልጆችህ እናት