በእህቴ ሜትር

እንደ እናትም እንደ እህትም ለሆንሽኝ ለእታለም ይድረስ፤

እንዴት ነሽልኝ? እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ከስፌት መኪናው ስትነሺ ግድግዳ ትይዣለሽ? እማዬስ እህል ይወርድላት ጀመር? ሌሊት እየተነሳች በር ትከፍታለች ያልሽው ነገር ተዋት? የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጆቹ፣ ጋሼም እንዴት ናቸው? እኔን ከጠየቅሽ ሰውነቴ ደህና ነው። ሌላው እንደምታውቂው ነው።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ ላይ ድምፄ እየከዳኝ ስለተቸገርኩ ነው። ከወንድማችን ቀብር በኋላ ስትደውዪ፣ “አጅሬ ቂሙን እንደያዘ ነው ወይ የሄደው?” ብለሽ ጠየቅሽኝና መስመሩ ተቋረጠ። የተቋረጠ አልነበረም፤ እኔው ነኝ የዘጋሁት። ወንድማችን አፉ ለቀልድ እንጂ ለሆዱ ጉዳይ እንደማይከፈት ታውቂያለሽ፤ አጅሬ ያልነውም ለዚሁ ነው። ለስደት ከቤት ሲወጣ “ከሄድክ እህት አለኝ እንዳትል” ያልሽውን አንድም ቀን አላነሳብኝም። ረስቶት ይሁን አምቆት በምን ልወቅ? ልትጠይቂን እንደምትመጪ ስትነግሪው እንኳ የመለሰልሽ “እሺ” ብቻ ነበር። ያቺን እሺ ስታላምጫት እንደከረምሽ አውቃለሁ። እኔም እዚህ ሆኜ አብሬሽ ሳላምጣት ነው የከረምኩት።

አሁን ስለ አንድ ጨዋታ ልንገርሽ፤ ሀዘን አሳበደው እንዳትይኝ። ሰዎች ትንሽ ሣጥን የሆነ ቦታ ይደብቁና ያለበትን ቦታ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣሉ። ሌላው ስልኩ እየመራው ሄዶ ይፈልጋል። ያገኘ ሰው ውስጡ ባለች ጥቅል ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ ሣጥኑን ወደነበረበት ይመልሳል። በቃ፣ ሽልማት የለው ምን የለው። አንዳንዱ ደግሞ እንቆቅልሽ አለው፤ እሱን ካልፈቱ የቦታው ቁጥር አይሟላም። አጅሬ ይህን ጨዋታ ሲያገኝ ምን እንደሆነ አስቢው! ልጅ ሳለን “እንቆቅልሽ” እያለ ሲያደርቅሽ፣ “ምን አውቅልሽ” ብለሽ ሲያቅትሽም “አገር ስጪኝ” እያለ ያላየነውን ከተማ ሁሉ ሲቀበልሽ ያደገ ሰው ነው። ከሚሠራበት መስታወት መቁረጫ ቤት ሲወጣ በየቁጥቋጦው ስር ሲያጎነብስ ያየው ሁሉ ቀለበት የጠፋበት ይመስለው ነበር።

ስልኩ እኔ ጋ ነው። ለማጥፋት አልጨከንኩም። ሰሞኑን ከጨዋታው ኃላፊዎች መልእክት ገባ፤ የደበቅከውን ሣጥን እስካሁን ማንም አላገኘውም፣ እንቆቅልሹ የተሳሳተ ነው እየተባለ ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመለስክልን እንሰርዘዋለን ይላል። እኔ ሲፈልግ እንጂ ሲደብቅ አይቼው አላውቅም። ገጹን ብከፍተው የሣጥኑ ስም “የእህቴ ሜትር” ነው። እንቆቅልሹ አጭር ነው፤ ቦታውም ከክፍላችን ማዶ ያለው ኩሬ ነው። የኩሬውን ዳር ወንበር ከፍታ፣ የመብራቱን ምሰሶ ውፍረትና የድንጋዩን ደረጃ ስፋት ለኩ፤ ያገኛችሁትን በቦታው ቁጥር ክፍት ስፍራዎች አስገቡ፤ ግን በእህቴ ሜትር ለኩ፤ ያቃተው አገር ይስጠኝ። እታለም፣ ይህን የመጨረሻውን እዚህ ማን ሊረዳለት ነው? ከስሩ የሞከሩት ሰዎች ቁጥሩ ኩሬው መሃል እየከተታቸው እንደተቸገሩ ጽፈዋል። አንዱማ ጀልባ የሚያውሰው ይፈልጋል።

እኔም አላስቻለኝም። አንሶላ ከማጥፍበት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሜትር ተውሼ ሄድኩ። ወንበሩን ለካሁ፣ ምሰሶውን ለካሁ፣ ደረጃው ላይ ተንበረከኩ። ስልኩ እኔንም ኩሬው መሃል አሳየኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስኩ። ሞቶም ይሸውደኛል ብዬ ደግሞ ተናደድኩበት። የደበቀው ነገር ሳይገኝ ከተሰረዘ ሁለተኛ የምቀብረው መሰለኝ።

በማግስቱ የሥራ ጃኬቱንና ጓንቱን ልወስድ መስታወት ቤቱ ሄድኩ። አለቃው ቁጡ ናቸው ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔን ግን ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ። ሥራ የጀመረ ሰሞን ለአንድ ሱቅ በር የሚሆን መስታወት አሳጥሮ ቆርጦ እንዳበላሸባቸው አጫወቱኝ። ምን ነካህ ቢሉት፣ “ይቅርታ፣ በእህቴ ሜትር ለክቼ ነው” አላቸው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አንድ ሰው ሲሳሳት “በእህትህ ሜትር ነው እንዴ የለካኸው?” ይባላል አሉኝ። እየሳቁ ነበር የነገሩኝ፤ ሳይጨርሱት ግን ዓይናቸውን በጓንታቸው ጠረጉ።

አስታወስሽው አይደል? የጋለ ካውያ ሜትርሽ ላይ ረስቶ ጫፉን ያቃጠለው እሱ ነው። የተረፈው ከአምስት ሴንቲ ሜትር ይጀምር ነበር። ሌላ ግዢ ብትባዪ፣ “ጤነኛ ሜትር አልጥልም፤ ለክታችሁ አምስት ቀንሱ” አልሽ። ቤቱ ሁሉ መቀነስ ለመደ። አጅሬም እዚህ መጥቶ ከሙሉ ሜትር ላይ አምስት ሲቀንስ ነው መስታወቱ ያጠረበት። ባንቺ ሜትር የተለካ ነገር ሁሉ አምስት ትርፍ አለው ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ከኛ ቤት ሰው በቀር ማን ያውቃል?

ተመልሼ ሄጄ በየቁጥሩ ላይ አምስት ጨመርኩ። ስልኩ ከኩሬው አውጥቶ ወደ አሮጌው የውሃ መሳቢያ ክፍል መራኝ። በሩ ስር ያለውን ድንጋይ ሳነሳው በላስቲክ የተጠቀለለ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ከፈትኩት። ባዶ ጥቅል ወረቀት፣ እርሳስ፣ ከስራቸው ደግሞ ሜትርሽ። ጫፉ የጠቆረው፣ ያው ያንቺው። እሱ ከቤት የወጣ ቀን ጠፋ ብለሽ ቤቱን ያተራመስሽበት።

ገጹ ላይ የተደበቀበት ቀን አለ፤ እመጣለሁ ያልሽው ሰሞን ነው። ያቺ “እሺ” ይህች ነበረች፣ እታለም። እንቆቅልሹን ለነዚህ ሰዎች አልሠራውም። እጅሽን ይዞ ኩሬው ዳር ሊያደርስሽ፣ ወንበሩ ላይ እግሩን አንፈራጦ ስትለኪ እያየ ሊስቅብሽ ነበር። ከዚያ አንቺ ቪዛ ተከለከልሽ፤ እሱም በድንገት ታሞ ወደቀ፤ ለማንም ሳይተነፍስ ሄደ። ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው። ቂም የያዘ ሰው የተቃጠለ ሜትር ተሸክሞ ባሕር አይሻገርም።

ወረቀቱ ላይ ስሜን አልጻፍኩም። ሜትሩንም አላመጣሁልሽም፤ አትቆጪኝ። እንደነበረ ጠቅልዬ መለስኩት። ለኃላፊዎቹም፣ ባለቤቱ አርፏል፣ ወንድሙ ነኝ፣ እንቆቅልሹ ልክ ነው፣ የምትፈታው ሰው መንገድ ተዘግቶባት ነው የዘገየችው ብዬ ጻፍኩ። እንተወዋለን አሉ። የመጀመሪያዋ መስመር ባዶዋን ትጠብቅሻለች። መቃብሩም ከዚያ ሩቅ አይደለም። እባክሽ ደግመሽ አመልክቺ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የሜትሩንም ነገር ቀስ ብለሽ ንገሪያት፣ ትስቅ ይሆናል። ጋሼን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ ጢም አወጣ አሉ፤ በአጎቱ እንዳይወጣ ጠብቂው። ትንሿን ጉንጯን ነክሰሽ ሳሚልኝ። ለስፌት ረዳትሽ የተለየ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ሜትሩን ወሰደች ብለሽ እስከዛሬ በጎሪጥ ታያታለሽና አደራ፣ ይቅርታ ጠይቂያት።

ልጅ ሳለን ለአጅሬ ያልሰጠሽው አገር አልነበረም። የሰጠሽው ሁሉ ቀርቶ ካልሰጠሽው አገር ተቀበረ። ነይና ስጪው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከኩሬው ማዶ፣ ከሁለታችን የኪራይ ክፍል
ኅዳር መግቢያ፣ እሑድ ከሰዓት