ሱሪ የሆነው ዘጠነኛ ቅጽ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ፣ ከቁመትህ በቀር በምንም ለማልቀናብህ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ጉንፋኑ ለቀቀህ? ወገብህስ? እማዬ «በልቶ ነው የሚያድረው? ብለሽ ጠይቂልኝ» ብላለች፤ ይኸው ጠየቅኩ። እኛ ደህና ነን። እኔም ደህና ነኝ፤ አያመኝም፣ አይከፋኝም፣ ደስም አይለኝም። እንዲሁ አለሁ።

የምነግርህ ስለ ንጉሡ ነው። ያ መቃብሩ ጠፍቶበት ከአማካሪ ፍየሉ ጋር አገር ላገር የሚንከራተተው ሙት ንጉሥ፣ አንተ የመጽሐፉን አሥራ አንዱንም ቅጽ እያነበብክልኝ ያሳደግከኝ፣ አሁን የተከበረ ሰው ሆኗል። ያኔ «የሥራ ፈት ወሬ» ብለው መጽሐፉን ከእጅህ የመነጨቁህ የቋንቋ መምህር ዘንድሮ አንደኛውን ቅጽ ያስተምሩናል። ከጥንትም አድናቂው እንደነበሩ ነገሩን። ፍየሏ «ንጉሥ ሆይ፣ ከሞቱም ወዲህ ቀጠሮ አያከብሩም» የምትለውን ሰሌዳ ላይ ጻፉና «ይህ ለምን ያስቃል? አብራሩ፤ አራት ነጥብ» አሉ። አራቱንም አገኘሁ። ሳቁ ግን አልመጣም። እኔና አንተ እዚችው ጋ ሆዳችንን ይዘን ስንት ጊዜ ተንከባለልን። አሁን ሳነባት ግድግዳ የማይ ይመስለኛል።

አባባማ ባሰባቸው። ያሰፋውን ኮት ሊወስድ ሱቁ የመጣ ደንበኛ ልጁ መጽሐፉን እንደሚማር ሲያወራ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው «እኔ ድሮም ልጄን አንብብ እለው ነበር» አሉ። ቁልፍ እየተከልኩ ነበርና ቀና አላልኩም። ዘጠነኛውን ቅጽ ገንጥለው፣ ወረቀቱን ጫፍ ለጫፍ አጣብቀው፣ ለጨርቅ መቁረጫ የሱሪ ልክ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። አንተም በዚያው ሳምንት ሻንጣህን አነሳህ። ከዚያ ወዲህ ለእኔና ለእማዬ ትጽፋለህ፤ ለእሳቸው አንድ መስመር የለም። እሳቸውም አይጠይቁም።

ባለፈው ሰኞ ሱቁ ስገባ ያ ልክ ከተሰቀለበት ሚስማር ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አባባ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው ሱሪውን ያነባሉ። ግራ እግሩን ጨርሰው ወደ ቀኙ ተሻገሩ። መቀመጫው ላይ ሲደርሱ ሳቁ። የምሬን ነው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። አብሬያቸው ልስቅ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።

ጉልበቱ ጋ ግን ልኩ ስለሚጠብ ወረቀቱ ተቆርጦ ተጥሏል። ንጉሡ የመቃብር ጠባቂውን በር እያንኳኳ ነገሩ ያልቃል።

«ከዚያስ?» አሉኝ።

«እኔ ረስቼዋለሁ፤ የሚያውቀው ወንድሜ ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው፣ በቃሌ እወጣዋለሁ።

መቀሱን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። «እንግዲህ ስትጽፊለት… ሥራ ካልበዛበት… ጉልበቱ ላይ ምን እንደነበረ ጠይቂው» አሉ። ከዚህ በላይ ከአባባ አፍ አይወጣም፤ ታውቃቸው የለ።

ስለዚህ መልሱን ለእኔ አትላክ። ፖስታው ላይ የእሳቸውን ስም ጻፍ። ለእኔ ብትልከው እንደማልሰጣቸው እወቅ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ካልሲህን በየቀኑ ቀይር ብላለች። ድንቡሼው ታናሻችን አልጋህን ወርሶ ሰላም ይልሃል። ጎረቤታችን እትዬ «ሚስት አገባ ወይ?» ይላሉ፤ እኔ «ማን ታገባዋለች?» ብዬ መልሼልሃለሁ። አባባ ሰላም በይልኝ አላሉም። ልኩን ግን ከጠረጴዛው አላነሱትም፤ ሰሞኑን ጨርቅ የሚቆርጡት ጭናቸው ላይ ዘርግተው ነው።

እህትህ

ከሱቁ መስኮት ሥር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ