ፋብሪካው ተነቅሎ ሄዷል

ለውድ እህቴ ለሀሊሜ ሰይዶ፣ ጅዳ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል እህትዓለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይ? ሙቀቱ፣ የሰው ቤት ሥራው፣ እንቅልፍ ማጣቱ እንዴት አደረገሽ? እኛ አልሃምዱሊላህ አለን። መቼም "አለን" ማለት እንደየቤቱ ነው፤ የእኛን ከዚህ በታች እነግርሻለሁ።

አሰሪሽ ስልክሽን እንደያዘችብሽ የሰማነው ከጎረቤታችን ልጅ ከናጃህ ነው። ከጅዳ ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ መልእክትሽን አድርሶልናል፤ ይህንንም ደብዳቤ ሲመለስ በእጅሽ ይሰጥሻል። "ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ ገብቼ ፋብሪካው እሠራለሁ፤ መሕቡባ ከአለቆቿ ጋር ትነጋገርልኝ" ማለትሽን ነገረን። ሀሊሜ፣ የምነጋገረው አለቃ የለም። ፋብሪካው ተነቅሎ ሄዷል።

አንቺ የምታውቂው መጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። በእኛ አገር የኤሌክትሮኒክስ ሥራ የተነሳው አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ገበያው ዳር ራዲዮ ይጠግንባት ከነበረችው ጠባብ ሱቅ ነው። ከመስቃን ገጠር በጋሪ ተጭኖ የሚመጣው ዝም ያለ ራዲዮ ሁሉ እሱ እጅ ላይ አፉን ይፈታ ነበር። እሱ ያስተማረው ሙባሪክ የሞባይል ጥገና ከፈተ፤ ሙባሪክ ያስተማራቸው ደግሞ እስከ ቡኢ ድረስ መንገድ ዳር ሱቅ ያዙ። እነዚያ ፋብሪካ እናቆማለን ያሉት ባለመኪኖች የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። "ቡታጅራን የኤሌክትሮኒክስ ከተማ እናደርጋታለን፤ መጀመሪያ ሞባይል እንገጣጥማለን፣ ቀጥሎ ውስጡ ያለውን ቺፕ ሳይቀር እዚሁ እንሠራለን" አሉን። ስብሰባው ላይ አንቺም አጨበጨብሽ፣ እኔም አጨበጨብኩ። እናታችን ብቻ እጇን ሻርፗ ውስጥ ከትታ የእንሰት ጓሯችንን ታይ ነበር።

ለፋብሪካው መሬት ከለቀቀ ቤት አንድ ልጅ ይቀጠራል ሲባል ቦታው የአንቺ የታላቋ ነበር። አንቺ ግን "እሷ እናታችን አጠገብ ትሁን፤ እኔ ጉልበት አለኝ" ብለሽ ባሕር ተሻገርሽ።

እዚያ ውስጥ ምን እንሠራ እንደነበር በስልክ አጥርቼ ነግሬሽ አላውቅም። ሁሉም ነገር ተሠርቶ፣ ታሽጎ፣ በካርቶን ይመጣል። የእኔ ሥራ የጀርባውን ክዳን በብሎን ማሰር ነበር፤ ስገባም እሱ፣ ስወጣም እሱ። "ቺፑን መቼ ነው የምንማረው?" ስንል ኃላፊያችን ኢስሀቅ "ታገሱ፣ በደረጃ ነው" ይለን ነበር። ደረጃው ሳይመጣ የውጭ ምንዛሬ ጠፋ ተባለ፤ ዕቃው ጅቡቲ ቀረ ተባለ፤ "ለጊዜው እቤት ቆዩ" ተባልን። ቆየን። አንድ ቀን ጠዋት ከባድ መኪኖች መጥተው ማሽኖቹን ጫኑ። ኢስሀቅን በሩ ላይ አግኝቼ "ወዴት ነው የሚወስዱት?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እኔም እንዳንቺው ተሰናብቻለሁ" አለኝ።

እናታችን ይህን ስትሰማ ምን ሆነች መሰለሽ? ደስ አላት! ሰዎቹ ከሄዱ መሬቱ ይመለሳል ብላ ከጎረቤት የእንሰት ችግኝ ለምና፣ እኔን አሸክማ ሄደች። በሩን የሚጠብቀው ከማሉ ነበር፤ ያ መሬቱ ከእኛው ጋር የተወሰደበት ከማሉ። "መሬቱ እኮ አልተመለሰም፤ አዳራሹን ማዳበሪያ ለሚያከማች ሰው አከራይተውታል" አላት። እሷ ችግኙን ከትከሻዬ አወረደች። ከአጥሩ ውጭ፣ ድሮ ጓሯችን ከነበረው ጠርዝ ላይ፣ ቆፍራ ተከለችው።

በማግስቱ ከማሉ ችግኙን በትከሻው ተሸክሞ ደጃችን መጣ። ንቀል ተብሎ ነቅሎታል። "እኔ ባልነቅለው ሌላ ዘበኛ ቀጥረው ያስነቅሉታል" እያለ እንባው ይወርዳል። እናታችን "አንተ ምን ታደርግ፤ ግባና ቆጮ ቅመስ" አለችው። አልገባም። እኔ እንደ እሷ ሆደ ሰፊ አይደለሁም፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኘው ፊቴን አዞርበታለሁ። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ አጥቼው አይደለም። ፊቴን ላዞርባቸው የሚገባኝ ሰዎች መኪናቸውን አስነስተው ሄደውብኝ ነው።

ከዚያ ሥራ ልጠይቅ ሙባሪክ ሱቅ ሄድኩ። ፋብሪካ የሠራሁ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ። የተበላሸ ስልክ ሰጠኝና "እስቲ ምን እንደነካው እይው" አለኝ። ከፈትኩት። ያን ሁሉ ስልክ ስዘጋ ከርሜ ውስጡ ምን እንዳለ ግን አላውቅም ነበር። ሙባሪክ አልሳቀብኝም። "የሰይዶ ልጅ እንዲህ ትሁን?" ብሎ ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን እዚያው ሱቅ የስልክ ከቨር እሸጣለሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ ፋብሪካ አለ ብለሽ እንዳትመጪ። እኛን ብለሽ ከሆነ ነይ፤ ቤት አለ፣ መኝታ አለ፣ ሥራ ግን የለም። እናታችን ይህን እንዳልጽፍልሽ ከልክላኝ ነበር። "ልጄን በሰው አገር ብቻዋን አታስለቅሺብኝ፤ ተስፋዋን ይዛ ትሥራ" አለችኝ። እኔ ግን ሻንጣሽን እንደያዝሽ እዚያ አጥር ሥር ቆመሽ ማየቱን አልቻልኩም።

ወንድማችን አብዱልሃፊዝ በጣም ናፍቀሽኛል ይልሻል፤ ቁመቱ አንቺን ሊያልፍ ነው። የናጃህ እናት ዱዓ አድርጊልኝ ትላለች። ሙባሪክም ሰላም በይልኝ ብሏል። እናታችን ጉንጭሽን ትስማለች። ማንበብ ስለማትችል፣ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን እያየች "ፋብሪካው ደህና ነው በያት" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ።

እህትሽ መሕቡባ ሰይዶ
ቡታጅራ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.