ሦስተኛው ደብተር

ይድረስ ለሙሌ፣ ለልጄ አባት፤

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል። የአንተን ጤና ግን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጠይቄ ጠይቄ ስለጨረስኩት፣ ዛሬ በቀጥታ ወደ ወሬዬ ልግባ። ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። እኔና ልጅህ ሳሮን ካሉት በታች፣ ከሞቱት በላይ ሆነን አለን።

ከሌዊስቪል አልወጣንም፤ ያው ቤት ነን። ፋርመርስ ብራንች ያለው፣ ትሠራበት የነበረው መጋዘን በዚህ በኢኮኖሚው ውድቀት ግማሹን ሠራተኛ አሰናበተ። ብትኖር አንተንም ያሰናብቱህ ነበር፤ አንተም ደስ እያለህ መጽሐፍህ ውስጥ ትደበቅ ነበር። ሳሮን መንጃ ፈቃድ አውጥታ መኪናህን እየነዳች ነው። መጀመሪያ ቀን ወንበሩን ወደ ፊት ስታስጠጋው አይቼ ጮኽኩባት። እግሯ ካልደረሰ ምን ታድርግ? ብቻ ጮኽኩባት።

እየዞርኩ ነው፤ ታውቀኛለህ። የመጣሁበትን ልንገርህ።

ሐሙስ ሐሙስ ከመጋዘን ወጥተህ፣ ባቡር በሌለበት አገር አርሊንግተን ድረስ እየነዳህ የምትማረውን ትምህርት ስትነግረኝ፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ “እሺ” እልህ ነበር። ከዚያ ሁሉ የቀረኝ ጥቂት ነው። በአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት፣ ዓለም ሳይፈጠር እግዚአብሔር ሁሉን ሞልቶት ነበር፤ ሌላ ነገር የሚኖርበት ቦታ እንዲገኝ ራሱን ሰበሰበ። የሥነ ልቦና መጽሐፍህ ደግሞ እናት በልክ ፈቀቅ ካላለች ልጇ ራሱን የቻለ ሰው አይሆንም ይላል። የዘመኑ ፈላስፎችም፣ ሌላውን ሰው በእኔ ሐሳብ ልክ ከሰፋሁት ያ ሰው ጠፋብኝ ማለት ነው ይላሉ አልከኝ። አንድ ቀን ሶፋው ላይ እስከ ጥግ ድረስ ተኮማትረህ “አሁን ቦታ አገኘሽ?” ስትለኝ፣ “ከዚህ ሁሉ ፍልስፍና ሆድህን ብትቀንስ ይሻል ነበር” ብዬህ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

አንተን ያስጨነቀህ ግን አንድ ጥያቄ ነበር፤ ቦታ መልቀቅና ጥሎ መሄድ በምን ይለያያሉ? አባትህ በሦስት ዓመትህ ጥሏችሁ እንደሄደ ስለማውቅ፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኝ ነበር።

እኔ ደግሞ የጎጃም ልጅ ነኝ። ክብ ተሥሎ፣ ክቡ በመስመር ተያይዞ፣ በማላውቀው ፊደል ስም ተጽፎበት ሳይ የሚታየኝ የደብተራ አስማት ነው። ሕመምህ ዳነ ከተባለ በኋላ ሲያገረሽ፣ አንተ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ጠረጴዛህ ላይ ሦስቱን የትምህርት ደብተሮችህን ገልጬ ያን ክብና ያን ፊደል አየሁ። ሳሮን “ማሚ፣ ማጂክ አይደለም እኮ፣ ክላስ ኖት ነው” እያለች ተከተለችኝ። አልሰማኋትም። ከቤተ ክርስቲያን በጋሎን ያመጣሁትን ጠበል መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ገልብጬ፣ ደብተሮቹን ቀዳድጄ ዘፈዘፍኳቸው። ቀለሙ እየለቀቀ ውኃው ሲጠቁር፣ ክፉው መንፈስ ወጣ ብዬ እልል አልኩ። ጭቃ የሆነውን ወረቀት በላስቲክ ቋጥሬ ጣልኩት፤ ልጅቷንም ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ ብዬ አስማልኳት።

በማግስቱ ሦስተኛውን ደብተር እንዳመጣልህ ለመንከኝ። ፈልጌ አጣሁት አልኩህ። ሦስት ቀን ጠየቅከኝ፣ ሦስት ቀን ዋሸሁህ። በአራተኛው ቀን ግንባርህን እየመታህ “እኔው ነኝ የሆነ ቦታ የጣልኩት፤ መድኃኒቱ አእምሮዬን ወስዶታል፤ ይቅርታ፣ አለፋሁሽ” አልከኝ። ይቅርታ የጠየቅከኝ አንተ ነህ፣ ሙሌ። ከዚያ ወዲያ የቀኑን ስም እንኳ ሳሮንን ሳትጠይቅ አትናገርም ነበር። አእምሮህ ደኅና ነበር። እስከ መጨረሻዋ ቀን ደኅና ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ሆኜ ዝም አልኩህ።

ለቅሶ ላይ የአርሊንግተኑ ሽማግሌ አይሁዳዊ መምህርህ መጡ። ከሴቶቹ መካከል ዝቅ ያለች ወንበር መርጠው ሲቀመጡ ደነገጥን፤ ለካ በእነሱም ዘንድ ሐዘንተኛ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሳሮን መሬት መሬቱን እያየች አስተረጎመችልኝ፤ “ማሚ፣ የዳዲን ሦስተኛ ኖትቡክ ይፈልጋል። ዳዲ በፎን ‘አንሰሩን አገኘሁት፣ ጻፍኩት’ ብሎት ነበር። ኮፒ አድርጎ ይመልሳል።” አንሰር ያለችው የዚያን ያስጨነቀህን ጥያቄ መልስ ነው። እኔም ለእሳቸው ጠፋ አልኳቸው። ልጅቷ ተነሥታ ወጣች። እስከ ዛሬም ከእኔ ጋር የምታወራው ለጉዳይ ብቻ ነው።

ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ስግደት ሰጡኝ፣ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። አልቀለለኝም፤ የበደልኩት አንተን ነዋ። ባለፈው ሐሙስ አርሊንግተን ሄጄ ለመምህርህ እውነቱን ነገርኳቸው። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረቡልኝና፣ ባልሽ ቤት ውስጥ ያወራውን የምታስታውሺውን ሁሉ ንገሪኝ አሉኝ። ሳሮን እያስተረጎመች ተናገርኩ፤ ግማሽ ገጽ እንኳ ሳይሞላ አለቀብኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ባሌ ነህ።

አልረሳህም፣ ሙሌ። ሳቅህን፣ ሶፋው ላይ መኮማተርህን፣ ያን ያለ ጥፋትህ የጠየቅከኝን ይቅርታ እስክሞት አልረሳም። ግን ሳሮን ከአርሊንግተን ስንመለስ መኪና ውስጥ “ዳዲ ጥሎን ነው የሄደው ወይስ ቦታ ለቆልን?” ብላ ጠየቀችኝ። በስምንት ወር ውስጥ ከልቧ የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው። አንተ መልሱን ጽፈህላት ነበር።

ሚስትህ