«አያስፈልግም» ተብሎ ስለ ወጣው ድምፅ

ለተከበሩ የማዘጋጃ ቤቱ የኮምፒውተር አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፤
ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲሱ ዲስክዎ ያለ እንከንና ያለ ጥያቄ እየሄደ መሆኑን ተስፋ አደርጋለሁ። ቤተሰብዎ ደኅና እንዲሆን፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ በተለይም ዓይንዎ እንዲጠበቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። ዓይንን ለምን ለይቼ እንዳነሳሁ ደብዳቤው ሲያልቅ ይደርሱበታል።

እኔ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ ታናሽ ወንድም ነኝ። የትኛዋ እንዳይሉኝ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ከፎቶ ኮፒ ክፍሉ አጠገብ የምትቀመጠዋ፣ ባልደረቦቿ «ጆሮዋ» የሚሏት ዓይነ ስውር ናት። የምክር ቤቱ ስብሰባ በድምፅ ይቀረጻል፤ እሷ በማዳመጫ ሰምታ ትጽፈዋለች፤ የጻፈችውን ደግሞ ኮምፒውተሩ መልሶ በጆሮዋ ያነብላታል። የተከበሩትን የምክር ቤት አባላት በሳላቸው ድምፅ ትለያቸዋለች፤ ማን እንደተናገረ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳንቀላፋም ታውቃለች፤ ይህኛውን ግን በጨዋነቷ አትጽፈውም። ጸጉሯ የሸበተው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ቀድሞ አንድ ኮምፒውተር ሲታመም ባለሙያ መጥቶ ፎርማት ያደርገውና ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ሲጭን ይውል እንደነበር ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን ስርዓተ ክወናውን፣ የቢሮውን ፕሮግራሞችና የማዘጋጃ ቤቱን አርማ አጠቃሎ የያዘ፣ ለሕንጻው ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሆን አንድ ዲስክ አዘጋጁ። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ በጭነቱ መሀል የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ ዲስኩ ራሱ «እሺ» እያለ ማለፉ ነው። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ለማንም ቶሎ እሺ የሚል ነገር በመገኘቱ ደስታዬ ወሰን የለውም። ይሁንና በደስታዬ መሀል የሚከተሉት ቅሬታዎች ገብተውብኛል።

1ኛ. ዲስኩ እንዲፈጥን «የማያስፈልጉ» ያሏቸውን ነገሮች አውጥተዋል። ጨዋታዎቹ ወጡ፤ ይሁን፤ የመዝገብ ቤቱ ሰዎች ሐዘን ተቀምጠዋል። ከጨዋታዎቹ ጋር ግን ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነበው ድምፅም አብሮ ተጠርጎ ወጣ። ምን እንደማያስፈልግ ለመወሰን የክፍልዎን ባለሙያዎች ሰብስበው ማማከርዎን ያወቅሁት በአድናቆት ነው። ሁሉም የሚያዩ ሰዎች ስለነበሩ ስምምነት ላይ ለመድረስ አልተቸገራችሁም።

2ኛ. ጭነቱ የተካሄደው ሠራተኛው እረፍት ላይ ሳለ ስለሆነ ሥራ አላስፈታም፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባዎታል። እህቴ ሰኞ ጠዋት ገብታ ማዳመጫዋን አድርጋ ማሽኑን አበራች፤ ዝም አላት። ተበላሽቶ ይሆናል ብላ የማዳመጫውን ገመድ ነቅላ ሰካች፤ ከጎረቤት ቢሮ ሌላ ተዋሰች፤ በዚያም ዝም። በመጨረሻ ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ባልደረባዋ መጥታ ስክሪኑን አየችና፣ «እትዬ፣ በርቷል እኮ። እንዲያውም አምሮበታል፤ አርማው ሙሉውን ስክሪን ሞልቶታል» አለቻት። ስለ አርማው እህቴም ታመሰግናለች፤ ቀለሙን አንድ በአንድ ነግረዋታል።

3ኛ. ወደ ቢሮዎ ስትመጣ መንገድ ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ድምፁ በእሷ ማሽን ላይ ብቻ እንዲመለስላት ለመነችዎ። እርስዎም፣ ልክደው አልችልም፣ በትሕትና ነው የመለሱላት፦ «እህቴ፣ የዲስኩ ጥቅም ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ አይፈርስም።» እሷም፣ «እኔም እኮ ከሁሉም አንዷ ነኝ» አለች። እርስዎ ወደ ስክሪንዎ ዞሩ። ዲስኩ የተሟላ ነው ብለው ለበላይ እንዳሳወቁ፣ አሁን አንድ ነገር ቢጨመርበት ጎድሎ ነበር ማለት እንደሚሆንብዎት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጭንቀትዎ ይገባኛል። ባልደረቦቿ ራሳቸው ሊጭኑላት ሞክረው ነበር፤ ለደኅንነት ሲባል ያለ እርስዎ የይለፍ ቃል ምንም እንዳይጨመር ስለቆለፉት ማሽኑ መለሳቸው። ደኅንነቷ ተጠብቋል፤ ማንም ሊረዳት አይችልም።

4ኛ. ጉባኤዎቹ ለሌላ ጸሐፊ ተሰጥተዋል። እህቴ «ለጊዜው» ተብላ ኮሪደር ላይ ወንበር ተሰጣት። ቀጥሎ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛዋ ላይ «ከአዲሱ አሠራር ጋር መላመድ አልቻለችም» ተብሎ ሰፈረ፤ በወሩ መጨረሻም ከሥራ መደቧ ስለመነሳቷ ይወሰናል ተብሏል። አፉን የዘጉት ማሽኑን ነው፤ መላመድ ያቃታት ግን እሷ ሆነች። እህቴ የምትጽፈው ሰው ሲናገር ሰምታ ነው፤ ሰው ሳይናገር እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ተሰጥዖ ነው።

5ኛ. ይህኛው ቅሬታ አይደለም፤ ግን ቁጥሩ ውስጥ ገባ። እህቴ አሁንም በየጠዋቱ ልብሷን ተኩሳ፣ የማዳመጫዋን ገመድ በጥንቃቄ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። የምትሰካበት እንደሌላት ታውቃለች። ማታ ራት ቀርቦ ሬዲዮው ሲያወራ ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ምን እየሠራሽ ነው ስላት ዜናውን እየጻፈች እንደሆነ ነገረችኝ። «እጄ እንዳይረሳው ብዬ ነው» አለች። ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፤ አልወጣልኝም። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮውን ቀድሜ መክፈት ፈራሁ፤ ቤቱ ዝም ሲል ደግሞ የባሰ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ዲስክዎ ረጅም ዕድሜ ይኑረው። እንዲሰበር አልጠየቅሁም፤ ጎደሎ ነው ብለውም ለማንም አይናገሩ። ውሳኔው ከመድረሱ በፊት ብቻ፣ ሰው ሁሉ ምሳ በወጣበት ሰዓት፣ ማንም ሳያይዎት ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ብቅ ብለው የይለፍ ቃልዎን አስገብተው ድምፁን ይመልሱላት። እሷም አላየሁም ትላለች፤ ይህን ደግሞ ማንም አይጠራጠራትም።

ጠጠር በሚያህል ቅሬታ ተራራ የሚያህል ጊዜዎን ስለወሰድኩ ደጋግሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለማዕረግዎ የሚገባውን ክብር ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

ለጥያቄ ሁሉ «እሺ» ማለት ገና ያልተጫነበት ዜጋ፣
የጆሮዋ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ከድምፁ ጋር በአንድ ላይ ያወጡት ሌላ «የማያስፈልግ» ነገር ፊደል የሚያጎላው ማጉያ መሆኑን ሰምቻለሁ። በሩ ላይ በቆምኩበት ጊዜ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫዎ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው የሆነ ነገር ሲፈልጉ አይቼዎታለሁ። የሚፈልጉት እሱን ከነበረ እዚያ የለም። ዕድሜ የማንንም የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ይህም ደብዳቤ ፊደሉ ደቅቆ ካስቸገረዎት እህቴ ልታነብልዎት ፈቃደኛ ናት፤ ማሽኗ አፉን የከፈተላት ዕለት።